ምዕራፍ 7፦ ከመስመር የተነቀለ ቤት

ባለፉት ምዕራፎች ቤትን ቤት የሚያሰኙትን ሦስት መስመሮች አንድ በአንድ ተከትለናቸዋል። በምዕራፍ 3 ውሃውን ከግድቡ እስከ ማእድ ቤታችን፣ በምዕራፍ 4 ኤሌክትሪኩን ከትራንስፎርመሩ እስከ ሶኬቱ፣ በምዕራፍ 5 ደግሞ ፍሳሹን ከሽንት ቤታችን እስከ ማጣሪያ ጣቢያው ሸኝተነዋል። ሦስቱም መስመሮች የሚያደርጉልን አንድ ትልቅ ውለታ አለ፤ መጠንን ከሐሳባችን ያወጡልናል። ሶኬት ላይ ስንሰካ ስንት ዋት ቀረ ብለን አንጠይቅም። ሽንት ቤቱን ስናፈስ የት ይጠራቀማል ብለን አንጨነቅም።

በዚህ ምዕራፍ ሦስቱንም መስመሮች እንቆርጣቸዋለን። ቤቱን ግን አናፈርሰውም። አልጋው፣ ምድጃው፣ ፍሪጁ፣ ሻወሩና ሽንት ቤቱ በየቦታቸው እንዳሉ ከሥሩ ጎማ እናስገባለትና ጉዞ እናስጀምረዋለን። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ትልልቆቹን ፓርኮች ለማየት ሲነሡ የሚከራዩት አርቪ የሚባለው ተሽከርካሪ ይኸው ነው።

አርቪ የሚከራይ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ሰው ያስተኛል፣ የአንድ ሌሊት ዋጋው ስንት ነው የሚለውን ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ጉዞው የተሳካ ወይም የተበላሸ እንዲሆን የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። አርቪ መስመር ስለሌለው የሚኖረው በያዘው ስንቅ ነው፤ ስንቆቹም ብዙ ናቸው፤ ሁሉም እኩል አያልቁም። ከመስመር ውጭ የሚቆይበት ቀን ብዛት የሚለካው ቀድሞ በሚያልቀው ስንቅ ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ ዝርዝር ነው።

ሮቶ ያስተማረን

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ሐሳብ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ ሮቶ አለ። የቤቱ እመቤት ጠዋት ወጥታ ሮቶውን ከላይ ወደ ታች በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ላይ ውሃው አለ። ከዚያ በኋላ የቀኑ ፕሮግራም ራሱ ይወጣል። ልብስ የሚታጠበው ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ግቢ ለማጠብ ይቀመጣል። እንግዳ ከመጣ ቁጠባው ይጠብቃል። ቧንቧ ሁልጊዜ የሚወርድለት ሰው ይህን ሁሉ ሒሳብ አያውቀውም፤ ማወቅም አላስፈለገውም።

አርቪ ሁለመናው ሮቶ የሆነ ቤት ነው። ሮቶዎቹ ስድስት ናቸው፦ ንጹህ ውሃ፣ ግራጫ ውሃ፣ ጥቁር ውሃ፣ ባትሪ፣ ጋዝና ነዳጅ። ግራጫ ውሃ የሚባለው ከሻወርና ከዕቃ ማጠቢያ የሚወርደው ሲሆን፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ደግሞ ከሽንት ቤቱ የሚወርደው ነው። እነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ በተቃራኒ ይሠራሉ። ጉዞ ሲጀመር ባዶ ናቸው፤ የሚያልቁትም ሲሞሉ ነው። ብዙ ተከራይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ እንዳያልቅበት ሲጠነቀቅ ቦታ ያልቅበታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ለእይታ የቀረበው የፒርስ አሮው ኩባንያ መኪና የኋላ መቀመጫው አልጋ ይሆን ነበር፤ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የሚታጠፍ መታጠቢያ፣ ለሽንትም ፖፖ ነበረው። ስንቅንና ማጠራቀሚያን አብሮ መያዝ ያኔም የግድ ነበር።

ዛሬ ኪራይ ላይ የሚገኙት በሦስት ይከፈላሉ። ክላስ ኤ አውቶቡስ የሚያክለው፣ ክላስ ቢ በቫን ውስጥ የተሠራው፣ ክላስ ሲ ደግሞ ከሾፌሩ ጣሪያ በላይ ወደ ፊት የወጣ አልጋ ያለው መካከለኛው ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚከራየው ክላስ ሲን ስለሆነ ምሳሌያችን እሱ ይሁን። 150 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ 120 ሊትር ግራጫ፣ 100 ሊትር ጥቁር የሚይዝ እንበል። መጠኑ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ስሌቱ ግን ለሁሉም ያው ነው።

ውሃ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል

አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ የመጀመሪያው ማታ ሻወር ይግባ። የሻወሩ ራስ በደቂቃ 6 ሊትር ያወርዳል እንበል፤ ይህ ከብዙ የቤት ሻወር ያነሰ ነው። የአሜሪካ ሕግ ለቤት ሻወር የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን በደቂቃ 9.5 ሊትር ገደማ ነው። እያንዳንዱ ሰው 5 ደቂቃ ቢቆይ አምስቱ ሰዎች 150 ሊትር ይጨርሳሉ። በአንድ ማታ ንጹህ ውሃው አለቀ ማለት ነው።

ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ይበላሻል። ያ ሁሉ ውሃ ከሰውነታቸው ላይ ወርዶ ግራጫው ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ታንከሩ የሚይዘው 120 ሊትር ብቻ ነው። አራተኛው ሰው ታጥቦ ሲወጣ ሞልቷል። አምስተኛው ሲገባ ውሃው መሄጃ ያጣና ዝቅተኛውን ቀዳዳ ፈልጎ ይወጣል፤ ዝቅተኛው ቀዳዳ የሻወሩ ወለል ነው። ሰውየው እግሩ ሥር ደፍርሶ የሚወጣ ውሃ ሲያይ ቧንቧው የተደፈነ ይመስለዋል። የተደፈነ ነገር የለም። በምዕራፍ 3 እንዳየነው ውሃ ሁልጊዜ ወደሚቀለው ይሄዳል፤ እዚህ የቀለለው ወደ ላይ መመለስ ሆነ።

ስለዚህ በአርቪ ሰውነት የሚታጠቡት ውሃውን እየከፈቱና እየዘጉ ነው። ሰላሳ ሰከንድ ይርሳሉ፣ ዘግተው ሳሙና ይመታሉ፣ ከፍተው አንድ ደቂቃ ይለቃለቃሉ። ለአንድ ሰው 9 ሊትር፣ ለአምስቱ 45 ሊትር ይሆናል። ከ150 ወደ 45 መውረዱ የቆይታውን ቀን የሚያበዛ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ጥቁሩን ታንከር በተመለከተ አንድ ሕግ አለ፤ ታንከሩ እስከሚደፋበት ጊዜ ድረስ መዝጊያው አይከፈትም። የፍሳሽ መስመር ያለበት ቦታ ላይ ቆመው ቱቦውን ካገናኙ በኋላ መዝጊያውን ክፍት ትተውት የሚያድሩ አሉ፤ እንደ ከተማ ቤት ራሱ ይወርዳል ብለው ነው። በምዕራፍ 5 ያልነውን አስታውሱ፤ ጠጣሩን ገፍቶ የሚወስደው ውሃው ነው። መዝጊያው ክፍት ከሆነ ፈሳሹ እየቀደመ ይሄዳል፣ ጠጣሩ ታንከሩ ወለል ላይ ቀርቶ ይደርቃል። ስለዚህ ውሃውና ጠጣሩ አንድ ላይ ይጠራቀሙና በአንድ ጊዜ በኃይል ይወጣሉ።

አደፋፉም ቅደም ተከተል አለው። ጓንት ይደረጋል። የቱቦው አንድ ጫፍ ከመኪናው ሥር ይታሰራል፣ ሌላው መሬት ላይ ባለው የፍሳሽ ጉድጓድ አፍ ውስጥ በደንብ ይገባል። መጀመሪያ የጥቁሩ መዝጊያ ይሳባል፤ ቱቦው ውስጥ የሚሄደው ድምፅ እስኪቆም ይጠበቃል። ቀጥሎ የግራጫው ይሳባል፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይሄዳል። ሁለቱም ይዘጋሉ፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ ጥቂት ውሃና ሽታ የሚያጠፋው መድኃኒት ይጨመርበታል። ሥራው ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ቅደም ተከተሉን ያወቀ ሰውም አይጸየፈውም።

ጋዙ ሞልቶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ

ቀድሞ የሚያልቀው ስንቅ ወሳኝ መሆኑን በደንብ የሚያሳየው ሌሊት ነው። ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ተነሥቶ የሎውስቶን ፓርክ የገባ ቤተሰብ እናስብ። የሎውስቶን ሐይቅ ያለበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር ይቀራረባል። ከምድር ወገብ ግን በጣም ይርቃልና በጁላይ እንኳ ሌሊቱ ብርድ ነው። ቤተሰቡ ማሞቂያውን ከፍቶ ይተኛል። ማሞቂያው የሚሠራው በፕሮፔን ጋዝ ነው፤ ጋዙ ደግሞ ሙሉ ነው። ሌሊት ላይ ግን ሁሉም በብርድ ይነቃሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሙቀቱን የሚሰጠው ጋዙ ቢሆንም ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚነፋው ማራገቢያ ነው፤ ማራገቢያው የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ስሌቱን እንየው። አንድ የተለመደ የእርሳስ ባትሪ 100 አምፔር ሰዓት ቢይዝ ጉልበቱ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች መውረድ የለበትም፤ ስለዚህ ለሥራ የሚቀረው 600 ነው። ማራገቢያው 85 ዋት ያህል ይወስዳል። በአሥር ሰዓት ሌሊት ውስጥ ግማሹን ሰዓት ቢሠራ 425 ዋት ሰዓት ይሄዳል። የውሃ ፓምፑ፣ መብራቱ፣ የጋዝ ጠቋሚው፣ አምስት ስልክ ሲጨመርበት 600ው አለቀ። ባትሪው ሲደክም ማራገቢያው ይዘገያል። ማሞቂያው ውስጥ ያለችው የደኅንነት ማብሪያ በቂ ነፋስ ካልተሰማት እሳቱ እንዳይቀጣጠል ታደርጋለች፤ ሥራዋም ይኸው ነው። ጋዝ እያለ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ጀነሬተር ማስነሣት አይቻልም? በየሎውስቶን ጀነሬተር በሚፈቀድባቸው ካምፖች የሚሠራው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪው መሞላት ያለበት በቀን ነው ማለት ነው፤ በጀነሬተር ወይም መኪናው ሲነዳ በሞተሩ። ልብስ ደርቦ ማሞቂያውን ዝቅ ማድረግም ራሱን የቻለ የባትሪ ቁጠባ ነው።

ጀነሬተሩ ስለ ስንቅ የሚያስተምረን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ነዳጁን የሚወስደው ከመኪናው ታንከር ነው፤ የሚስብበት ቱቦ ግን እስከ ታች አይደርስም። ነዳጁ ወደ ሩብ ሲጠጋ ጀነሬተሩ ራሱ ይጠፋል። ተበላሽቶ አይደለም። መሐንዲሶቹ አስቀድመው ወስነዋል፤ ቅዝቃዜ ወይም መብራት ከማግኘት ይልቅ ነዳጅ ማደያ መድረስ ይበልጣል ብለው። አንዱ ስንቅ ሌላውን እንዳይበላበት አጥር ሠርተውለታል።

ፍሪጁም በጋዝ ሊሠራ ይችላል። እሳት እንዴት ያቀዘቅዛል ለሚል፦ እ.ኤ.አ. በ1922 ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ሞተር የሌለው ፍሪጅ ሠሩ። ትንሽ እሳት አሞንያን ከውሃ ለይታ ታስነሣለች፤ አሞንያው ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና እንደገና ሲተን ሙቀትን ከፍሪጁ ውስጥ ይወስዳል። ፈሳሹ የሚመለሰው በስበት ብቻ ስለሆነ መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ ዑደቱ ይቆማል፤ ፍሪጁም ሊበላሽ ይችላል። ተከራይ ቦታው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ መኪናውን ደልዳላ የሚያቆመው ለእንቅልፉ ሲል ብቻ አይደለም። ብዙ አዳዲስ አርቪዎች ደግሞ በ12 ቮልት የሚሠራ ፍሪጅ አላቸው፤ እሱ ዘንበል ማለቱን ይችላል፣ ባትሪውን ግን ይጋራል።

መስመር ሲገኝ

አንዳንድ የካምፕ ቦታዎች ለእያንዳንዱ መኪና ውሃ፣ ኤሌክትሪክና ፍሳሽ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሦስቱም ሲገናኙ አርቪው ለጊዜው የከተማ ቤት ይሆናል። የሎውስቶን ውስጥ ሦስቱም የሚገኙት ፊሺንግ ብሪጅ በተባለው የአርቪ ካምፕ ብቻ ነው፤ አካባቢው የግሪዝሊ ድብ መናኸሪያ ስለሆነ ድንኳን አይፈቀድበትም። ማዲሰንና ግራንት ቪሌጅን የመሳሰሉት ሌሎቹ ካምፖች ለየመኪናው የተዘረጋ መስመር የላቸውም፤ እዚያ የሚታደረው በስንቅ ነው።

ሶኬት ላይ ተሰክቶም ወሰን አለ። ብዙ ክላስ ሲ የሚሰካው 30 አምፔር ላይ ነው። በምዕራፍ 4 ቮልትን በአምፔር ስናባዛ ዋት እንደምናገኝ አይተናል። አሜሪካ ውስጥ 120 ቮልት ስለሆነ ጠቅላላው 3,600 ዋት ነው። ኤሲው 1,500 ገደማ ይወስዳል፣ ማይክሮዌቭም ከዚያ አይርቅም። በሁለቱ ላይ 1,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምጣዱ ሲጣድ ኤሲው ይጠፋል። ከዚያም የሚሻለው እንጀራውን ቤት ጋግሮ፣ ወጡን ሠርቶና አቀዝቅዞ ይዞ መሄድ ነው። ቀይ ሽንኩርት በጋዝ ሲቁላላ የሚሄደው ጋዝ፣ ቅባቱን ለማጠብ የሚፈሰው ውሃ፣ ውሃው የሚሞላው ግራጫ ታንከር ሁሉ ይተርፋል።

ስንቅ ክብደት አለው

ከመስመር መነቀል ዋጋ አለው፤ ዋጋውም የሚከፈለው መንገድ ላይ ነው። 150 ሊትር ውሃ 150 ኪሎ ነው። ቤቱ፣ ጋዙ፣ ጀነሬተሩ ሲጨመር መኪናው በአንድ ጋሎን የሚሄደው ከ8 እስከ 10 ማይል ገደማ ይሆናል፤ ለ1,000 ማይል ከ100 እስከ 125 ጋሎን መመደብ ያስፈልጋል። ፍሬን ሲያዝ ለመቆም ይዘገያል፣ ነፋስ ይገፋዋል። ርዝመቱም መንገድ ይዘጋል። በሞንታና ግሌሸር ፓርክ ተራራውን የሚያቋርጠው ዝነኛ መንገድ ከፍተኛው ክፍል ላይ ከ21 ጫማ፣ ማለትም ከ6.4 ሜትር በላይ የሆነ መኪና አያስገባም።

ጋዙም የራሱ መንገድ አለው፤ ይህ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ወደ ኒው ዮርክ ሲኬድ በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለቱ ዋሻዎች ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የሚይዝ ሲሊንደር ያለው መኪና አያሳልፉም። የብዙ ክላስ ሲ ጋዝ ከዚህ ይበልጣል። ቀድሞ አማራጩ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር፤ እሱ እ.ኤ.አ. በማርች 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ፈረሰ። ስለዚህ አርቪ የያዘ ሰው ባልቲሞርን በምዕራብ በኩል በ695 አውራ ጎዳና ዞሮ ማለፍ አለበት። የስልኩ ካርታ ይህን አይነግረውም፤ ካርታው ትንሽ መኪና የሚነዳ መስሎት ወደ ዋሻው ይመራዋል።

ውሉን በስንቅ ዓይን ማንበብ

አሁን የኪራይ ውሉ ራሱ ሌላ መልክ ይኖረዋል። ከሌሊቱ ዋጋ በታች የተዘረዘሩት ክፍያዎች የየስንቁ ሒሳብ ናቸው። የማይል ክፍያው ነዳጅ ሳይጨምር የመኪናው እርጅና ነው። የጀነሬተር ክፍያው በሰዓት ይቆጠራል። ታንከሩን ሳይደፋ ለመለሰ ቅጣት አለ፤ ነዳጅና ጋዝ በተሰጠበት መጠን ይመለሳል። አንሶላና የማብሰያ ዕቃ ለብቻው የሚከራይበት ቦታ አለ። የሌሊቱ ዋጋ ብቻ ታይቶ የተያዘ በጀት ለዚህ ነው የማይበቃው።

ኢንሹራንሱ ላይ ደግሞ አደራ እላለሁ። ብዙ የግል መኪና ኢንሹራንስና ብዙ የክሬዲት ካርድ ዋስትና የተከራዩትን አርቪ አይሸፍንም። ከአከራዩ የሚገዛውም ቢሆን የጣሪያንና የሥር ጉዳትን ብዙ ጊዜ ያስቀራል። ተከራይ በብዛት የሚጎዳው ደግሞ ጣሪያውን ነው፤ ከፍታውን ረስቶ ዝቅተኛ ድልድይ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ሥር ይገባል። የመኪናውን ከፍታ በወረቀት ጽፎ መሪው ፊት መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ገንዘብ ግን ያድናል።

ጉዞውን በስንቅ ማቀድ

የየሎውስቶኑን ቤተሰብ ጉዞ እንደገና እናቅደው። ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 15 ሊትር፣ ለዕቃ 15፣ ለእጅና ለፊት 10፣ ለሽንት ቤት 10፤ ድምሩ 50 ነው። በሁለት ቀን 100 ሊትር። የአምስቱ አጭር ሻወር አንድ ጊዜ 45 ሲጨመር 145 ይሆናል፤ ከ150ው ውስጥ ነው። ወደ ግራጫው የሚወርደው 95 ገደማ ነው፤ ከ120 በታች። ስለዚህ ማዲሰን ላይ ሁለት ሌሊት በስንቅ ማደር ይቻላል፤ ሦስተኛውን ሌሊት ፊሺንግ ብሪጅ ላይ መስመር ላይ ሆኖ ሁሉንም መሙላትና መድፋት። ባትሪው በየቀኑ ከተሞላ በዚህ ዕቅድ ቀድሞ የሚያልቀው ንጹህ ውሃ ነው።

ሦስተኛ ሌሊትም ማዲሰን ለመቆየት ቢያምራቸውስ? ንጹህ ውሃ ከካምፑ ቧንቧ በጀሪካን ቀድቶ መጨመር ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ገደቡ ወደ ግራጫው ይዞራል፤ እሱን በጀሪካን ማስወጣት አይቻልም። አንዱን ገደብ ስናነሣ ሌላው ተራውን ይይዛል። የትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ያወቀ ቤተሰብ ግን ሳይደናገጥ ይዘጋጃል፤ ዕቃ የሚታጠብበትን ውሃ ይቀንሳል ወይም ሻወሩን ካምፕ ውጭ ያደርገዋል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩን እነዚህን ጠይቁት፦ ንጹህ ውሃው ስንት ይይዛል፣ ግራጫውና ጥቁሩስ? ባትሪው ስንት ነው፣ ምን ዓይነት ነው? ፍሪጁ በጋዝ ነው ወይስ በባትሪ? የጋዙ መጠን ስንት ነው? ከፍታውና ርዝመቱስ? መልሶቹን ወረቀት ላይ አስፍራችሁ የየስንቁን መጠን በቤተሰባችሁ የቀን ፍጆታ ስታካፍሉት ስንት ሌሊት ከመስመር ውጭ መቆየት እንደምትችሉ ታገኛላችሁ። የካምፑን ቦታ ያዙ የምላችሁም ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ቦታውን ይይዝና መኪናውን በኋላ ይመርጣል፤ መንገድ ላይ የሚቸገረውም በዚሁ ነው። ስንቁን አስቀድሞ የቆጠረ ግን ፓርኩን በማየት ይውላል፤ ልጆቹም ከዚያ ጉዞ የሚያስታውሱት ብርዱንና የሞላውን ታንከር ሳይሆን ያዩትን ጎሽና ፍልውሃ ይሆናል።